ከጠመንጃ ወደ መነጽር

ወፍን በሩቁ አይቶ በስሟ መጥራት ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። አንድ ተማሪ በሐይቅ ዳር ቆሞ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያነሣል፤ የምንቃሯን ቅርጽ፥ የእግሯን ቀለምና በክንፏ ላይ ያለውን ነጭ መስመር አይቶ በመጽሐፉ ውስጥ ከተሣለው ሥዕል ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ በኋላ ስሟን በማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ወፊቱም ምንም ጉዳት ሳይደርስባት ምግቧን መልቀሟን ትቀጥላለች። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን ነገሩ እንደዚህ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የአንዲትን ወፍ ማንነት በእርግጥ ለማወቅ የሚፈልግ ሊቅ አስቀድሞ መግደል ነበረበት።

ይህን ልማድ የለወጠው፥ በፈረንጅ አፍ ባይኖኩላር የሚባለው፥ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው ባለ ሁለት ቧንቧ መነጽር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መነጽር ስንል ስለ እርሱ መናገራችን ነው እንጂ ለንባብ ስለሚደረገው አይደለም። ታሪኩን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ነገር አለ። ከወዳጆቻችን መካከል መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንዳንድ ሰዎች ርካሹን መነጽራቸውን ትተው በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጠውን ለመግዛት ከደመወዛቸው እየቀነሱ ያጠራቅማሉ፤ መግዣው ቀን ሲደርስ ግን በየሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የውዳሴ ቃል እያዩ ግራ ይጋባሉ። ያ ሁሉ ቃል በእውነቱ የታሪክ ቃል ነው። እያንዳንዱ ቀድሞ በመነጽር ላይ የነበረ የአንድ ጉድለት መድኃኒት ስም ስለ ሆነ፥ ጉድለቱን የማያውቅ ሰው የመድኃኒቱን ዋጋ ሊመዝን አይችልም። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ስለ ጠመንጃው እንናገር። አሜሪካዊው የአዕዋፍ ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን (1785–1851) እነዚያን ዝነኛ ሥዕሎቹን የሣለው ወፎቹን በጥይት እየገደለ፥ ሬሳቸውን በሽቦ እየደገፈ በሕይወት ያሉ አስመስሎ በማቆም ነበር። ሐኪምና የአዕዋፍ ሊቅ የነበረው ኤልየት ኩዝም በ1874 ለጀማሪዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ ከመሣሪያዎች ሁሉ አስቀድሞ የሚመክረው ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠመንጃ እንዲይዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ወፍን የሚጠሉ ጨካኞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ እንዲያውም ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ ወፍን የሚወዱ እነርሱ ነበሩ። ነገር ግን ጥቂት እርምጃ የራቀችውን ትንሽ ወፍ ባዶ ዓይን ከመሰሏ ለይቶ ሊያውቃት ስለማይችል፥ በእጅ ያልተያዘች ወፍ ማስረጃ ልትሆን አትችልም ነበር።

የዚህ ልማድ ምልክት በአገራችንም ይገኛል። ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ብዙ የአዕዋፍ ቆዳ ከሰበሰበ በኋላ በ1893 ዝሆን ገደለው። ወደ ኢጣልያ ከተላከው ዕቃው መካከል ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀች አንዲት ውብ ቱራኮ ተገኘች። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅም በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። ይሁን እንጂ ልዑሉ ወፊቱን የት ቦታና መቼ እንዳገኛት ሳይጽፍ ስለ ሞተ፥ ሊቃውንቱ ቆዳዋን በእጃቸው ይዘው አገሯን ሳያውቁ ብዙ ዓመታት ቆዩ። ዛሬ ይህችን ወፍ ለማየት የሚመጣ መንገደኛ በነገሌ ቦረና አካባቢ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትዘል በመነጽሩ ይመለከታታል፤ የምትበላውን ፍሬና የምትውልበትንም ዛፍ ይጽፋል። ቆዳው የሩስፖሊን ወዳጆች ሊያስተምራቸው ያልቻለውን፥ ሕያዋ ወፍ ለተመልካቹ በአንድ ጧት ትነግረዋለች።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ ወጣት በኒው ዮርክ ከተማ ጎዳና ሲመላለስ በሴቶች ባርኔጣ ላይ የተሰኩትን ላባዎች መቁጠር ጀመረ። ካያቸው 700 ባርኔጣዎች ውስጥ 542ቱ በላባ የተጌጡ ሲሆኑ፥ እርሱ ለይቶ ያወቃቸው የወፍ ዓይነቶች 40 ነበሩ። በዚሁ ዓመት ፍሎረንስ ሜሪያም የተባለች የኮሌጅ ተማሪ ጓደኞችዋ ይህን ጌጥ እንዲተዉ ስትቀሰቅስ ሰነበተች። ወይዘሪት ሜሪያም ግን መቃወም ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷት፥ ጓደኞችዋን ወደ ጫካ እየወሰደች ሕያዋን ወፍ ታሳያቸው ነበር። በ1889 ያሳተመችውንም መጽሐፍ «ወፎች በኦፔራ መነጽር ሲታዩ» በሚል አርእስት ሰየመችው። ይህች ልጅ ለወፍ ማወቂያ የመረጠችው መሣሪያ ሀብታሞች በቴአትር ቤት ተቀምጠው ዘፋኙን የሚያዩበት ትንሽ መነጽር ነበር። የአንድን መሣሪያ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚለውጠው የሠራው ሰው ሳይሆን ላልታሰበ ሥራ ያዋለው ሰው መሆኑን ይህ ያስረዳናል።

ታዲያ ያ የኦፔራ መነጽር ምን ዓይነት ነበር? ነገዱ እጅግ የቆየ ነው። በ1608 ሐንስ ሊፐርሼ የተባለው የሆላንድ መነጽር ሠሪ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ቧንቧ ሠርቶ የባለቤትነት መብት እንዲሰጠው ለመንግሥቱ ሸንጎ አመለከተ። ሸንጎውም በአንድ ዓይን ብቻ ማየት ስለሚያደክም በሁለቱም ዓይን የሚታይበትን እንዲሠራ አዘዘው፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሠርቶ አስረከበ። ገንዘቡ ተከፈለው፤ መብቱን ግን ሥራው በሌሎችም ዘንድ የታወቀ ነው ተብሎ ተከለከለ። እንግዲህ ባለ ሁለት ቧንቧው መነጽር ከቴሌስኮፕ ጋር በአንድ ዓመት ተወለደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጋሊሌዮ ያንኑ ዓይነት መሣሪያ አሻሽሎ ወደ ሰማይ አቀናው።

በዚህ በጋሊሌዮ ስም በሚጠራው መነጽር ከፊት ያለው ሌንስ መካከሉ ያበጠ፥ ከዓይን በኩል ያለው ደግሞ መካከሉ የጎደጎደ ነው። ምስሉን ሳይገለብጥ ያሳያል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ጉድለቱ ግን የማጉላት ኃይሉ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ስፍራ እየጠበበ መሄዱ ነው። በቁልፍ ቀዳዳ አሻግሮ እንደ ማየት ይሆናል። ስለዚህ የኦፔራ መነጽር ሦስት ወይም አራት እጥፍ ከማጉላት ብዙ አያልፍም ነበር። የጀርመኑ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 ሁለቱም ሌንሶች ያበጡ የሆኑበትን አሠራር በመጽሐፉ አስረዳ፤ በዚህ ዓይነት አሠራር የእይታው ስፋት ይጨምራል። ነገር ግን የኬፕለር መነጽር ዓለምን ራሷን ወደ ታች አድርጎ ይገለብጣታል። ኮከብ ቢገለበጥ ተመልካቹን ምንም አያስቸግረውም፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የምትዘል ወፍ ስትገለበጥ ግን መከተል አይቻልም። ሌላ ሌንስ ጨምሮ ማቅናት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ቧንቧው እንደ ዘንግ ይረዝማል፥ የባሕር ካፒቴኖች የሚይዙት ዓይነት ይሆናል። ችግሩ ሳይፈታ ከ200 ዓመት በላይ ኖረ።

መፍትሔውን ያገኘው ኢኛሲዮ ፖሮ የተባለ ኢጣሊያዊ የጦር መሐንዲስ ነው። በ1854 ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን የመስተዋት ፕሪዝሞችን አንዱን ከሌላው ጋር በመስቀለኛ አጋጥሞ፥ ብርሃኑ በውስጣቸው አራት ጊዜ እየነጠረ እንዲመላለስ አደረገ። ብርሃኑ ሲመላለስ የተገለበጠው ምስል ይቀናል፤ መንገዱም ስለሚታጠፍ ረጅሙ ቧንቧ አጭር ይሆናል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ፍጹም ነበር። በሥራ ላይ ሲውል ግን አልተሳካም፤ ምክንያቱም በዚያን ዘመን የሚቀልጠው መስተዋት በውስጡ አረፋና ጭረት ስለ ነበረበት፥ በወፍራም ፕሪዝም ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይደበዝዝና ይጣመም ነበር። የፖሮ ሐሳብ መስተዋቱ እስኪመጣለት ድረስ 40 ዓመት ጠበቀ።

መስተዋቱን ያመጡለት ሰዎች ታሪክ ጥቂት እንድናቆይበት ይገባል። ኤርንስት አቤ (1840–1905) በጀርመን አገር የአንድ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነበር። አባቱ በቀን እስከ አሥራ ስድስት ሰዓት ቆሞ ይሠራ እንደ ነበር፥ እርሱም ሕፃን ሳለ ምሳ ያደርስለት እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል። በትምህርቱ ጎብዞ በየና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ በዚያው ከተማ የካርል ዛይስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካም ተባባሪ ሆነ። የፖሮን ሥራ ሳያውቅ በገዛ ራሱ ሐሳብ ወደዚያው የፕሪዝም ዘዴ ደርሶ በ1873 በቪየና ኤግዚቢሽን አሳየ፤ እርሱም እንደ ፖሮ በመስተዋቱ ጉድለት ተሰናከለ። አቤ ግን በዚህ አላቆመም። ኦቶ ሾት ከተባለ የመስተዋት ኬሚስት ጋር ተገናኝቶ፥ በ1884 በየና የመስተዋት ማቅለጫ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሾት ባሪየምንና ሌሎችን ንጥረ ነገሮች ከመስተዋቱ ጋር እየቀላቀለ ንጹሕና ልዩ ልዩ ጠባይ ያለው መስተዋት አወጣ። አቤ በ1893 ለመነጽሩ መብት ሲያመለክት የፕሪዝሙ ዘዴ የፖሮ መሆኑ ተነግሮት ተከለከለ፤ የፊተኞቹን ሌንሶች ከዓይን ስፋት በላይ አራርቆ የነገሮች ርቀት ጎልቶ እንዲታይ በማድረጉ ግን መብት ተሰጠው። በ1894 የዛይስ ባለ ፕሪዝም መነጽር ለገበያ ቀረበ። አቤ በበኩሉ የፋብሪካውን ድርሻውን ለሠራተኞችና ለትምህርት ጥቅም ለሚውል ድርጅት አስተላለፈ፤ በ1900ም የፋብሪካው ሠራተኛ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አደረገ። በመነጽር ታሪክ ውስጥ ከስሌቱ ይልቅ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እኛ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ማስታወስ ተገቢ መስሎን ጨመርነው።

ከዚህ በኋላ በዚያው በ1900 ዓ. ም. በልደት ቀን ያ ባርኔጣ ቆጣሪ ቻፕማን፥ በበዓሉ ወፍ የማደን ውድድር ፈንታ ወፍ የመቁጠር ልማድ እንዲጀመር አደረገ። በመጀመሪያው ቆጠራ 27 ሰዎች ተካፈሉ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል፥ ተካፋዮቹም በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። በ1934 ደግሞ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን የተባለው መምህርና ሠዓሊ በእጅ የሚያዝ የአዕዋፍ መጽሐፍ አወጣ። በየሥዕሉ ላይ ትንሽ መስመር እየጠቆመ አንዲቱ ወፍ ከሌላዪቱ የምትለይበትን ምልክት ያሳያል፤ ይህም ምልክት በርቀት የሚታይ እንጂ ሬሳን በእጅ አገላብጠው የሚያገኙት አይደለም። መነጽር ባይኖር ኖሮ መጽሐፉ ለማንም ባልጠቀመ ነበር። በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ከተመሠረተ ወዲህ የመነጽርን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች እየበዙ ሄደዋል። ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዓይነት ለሚገኝበት አገር ይህ ገና ጅማሬ ነው።

የጠመንጃው ዘመን ፈጽሞ አልፏል ለማለት ግን አንደፍርም። አዲስ የምትሰየም ወፍ እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው በሙዚየም የሚቀመጥ አካል ይፈለግባታል። በ1990 በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በመንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች፥ በሌሊት እየበረረች ነፍሳት ከምትለቅም ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተወሰደ። በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ ተሰየመች፤ የላቲን ስሟም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጉም አለው። በ2009 እርሷን ፍለጋ የመጡ ተመልካቾች በሕይወት አየናት ብለው አስታወቁ። ጠመንጃ አልያዙም ነበር።

አሁን ወደ መነጽሩ ጉድለቶች እንመለስ፤ የገዢው ነገር ከዚህ ይጀምራልና። ፕሪዝም ከገባ በኋላ የቀረው ትልቁ ጉድለት የብርሃን ማነስ ነበር። ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ወይም ከመስተዋት ወደ አየር ባለፈ ቁጥር ከመቶ አራት ወይም አምስት እጅ ያህሉ ወደ ኋላ ይነጥራል። በአንድ መነጽር ውስጥ እንዲህ ያለው ገጽ አሥር ቢሆንና በእያንዳንዱ አምስት እጅ ቢጠፋ፥ ወደ ዓይን የሚደርሰው ከመቶ 60 እጅ ብቻ ነው። የጠፋውም ብርሃን እንዲሁ አይቀርም፤ በቧንቧው ውስጥ እየተንከራተተ ምስሉን እንደ ጉም ያለብሰዋል። በ1935 በዛይስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዩክሬናዊው አሌክሳንደር ስማኩላ በመስተዋቱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ቅብ በመቀባት ንጥረቱን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። ጀርመኖች ይህን ለጦርነት ስለ ፈለጉት በምስጢር ያዙት። በኋላ ዘመን ብዙ ቅቦች አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ የእያንዳንዱ ገጽ ጥፋት ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ወረደ፤ በዚህ ሒሳብ ከአሥሩ ገጽ በኋላ 95 እጅ ይደርሳል። እንግዲህ በሣጥኑ ላይ «ሁሉም ገጽ በብዙ ቅብ የተቀባ» የሚለው ቃል ከ60 ወደ 95 የተደረገውን ጉዞ የሚናገር ነው። «የተቀባ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን አንዱ ገጽ ብቻ ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል ገዢው ይጠንቀቅ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ተበታተነ። በ1945 አሜሪካውያን ከየና ሲወጡ የዛይስን ዋና ዋና ሊቃውንት ወደ ምዕራብ ወሰዱ፤ ከዚያም ሶቪየቶች የፋብሪካውን ብዙ መሣሪያ ወደ አገራቸው አጓዙ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፋብሪካዎች በሁለት ጀርመን ቆመው እስከ ውሕደቱ ድረስ ኖሩ። በቶኪዮ ከተማም በኢታባሺ ቀበሌ ብዙ ትንንሽ የሥራ ቤቶች መነጽር እየሠሩ ወደ ውጭ አገር መላክ ጀመሩ። ቀድሞ የመኮንን ዕቃ የነበረው መነጽር በመምህር እጅ ሊገባ የቻለው በእነዚህ ሥራ ቤቶች ምክንያት ነው።

ስለ ቅርጹም መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት መነጽሮች አብዛኞቹ በፖሮ ዓይነት የተሠሩ አይደሉምና። የፖሮ መነጽር ትከሻው የሰፋ ነው። ቧንቧው ቀጥ ያለ፥ ለመያዝ የቀጠነ መነጽር የሚሠራው አንደኛው ገጹ እንደ ቤት ጣራ በሆነ ፕሪዝም ነው። በቬትስላር ከተማ የነበረው የሄንዞልት ፋብሪካ ይህን ዓይነት በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ሠርቶ ነበር፤ ዝናው የገነነው ግን በ1963 የላይትስ ትሪኖቪድ፥ በ1964ም የምዕራብ ጀርመኑ ዛይስ ዲያሊት ከወጡ በኋላ ነው። ማስተካከያው ከውስጥ የሚንቀሳቀስበት አሠራር አቧራና ውኃ እንዳይገባ ስለሚረዳ ለዝናብና ለጭቃ ተስማማ። ይሁን እንጂ ይህ ሸንቃጣ መነጽር ሁለት የተሸሸጉ በሽታዎች ነበሩበት። አንደኛው፥ በአብዛኛዎቹ ላይ ከፕሪዝሙ ገጾች አንዱ ብርሃንን በራሱ ፈጽሞ ስለማይመልስ እንደ መስታወት በብረት መለበጥ አለበት፤ በአሉሚኒየም ሲለበጥም ከመቶ አሥር እጅ ያህል ብርሃን ይጠፋል። ሁለተኛው፥ በጣራው ጫፍ ላይ ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ ሲገናኝ ሞገዱ ስለማይገጥም የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ይህን ሁለተኛውን በሽታ ዛይስ በ1988 የሞገድ ማስተካከያ ቅብ በመቀባት ፈወሰው። ከ1988 በፊት የተሠራ ባለ ጣራ መነጽር ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ይህ ቅብ የለውም። አሮጌውን ዕቃ በስሙ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ዓመት በቃሉ ይያዘው።

የብርሃን መመለሻው ልባጭም እየተሻሻለ ከአሉሚኒየም ወደ ብር፥ ከብርም የብረት ዘር ወደሌለበትና ከመቶ 99 እጅ በላይ ወደሚመልስ የተደራረበ ልባጭ ደርሷል። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ሲወጡ የባለጸጋ ዕቃ ነበሩ። በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን አንድ በአንድ ወደ መካከለኛው ዋጋ ወረዱ። ዛሬ መካከለኛ የሚባለው መነጽር አቤ አይቶት ቢሆን ኖሮ የሚደነቅበት ነው።

እንግዲህ ሁለት መካከለኛ መነጽሮችን በእጁ የያዘ ሰው ምን ይመልከት? ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው የጋሊሌዮ ዘመን ጥያቄ ነው። በመነጽሩ ላይ 8×42 ተብሎ ቢጻፍ 8 የማጉላት ኃይሉ፥ 42 የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ብናካፍለው 5.25 ይሆናል፤ ይህ ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በ10×42 ይህ ክብ ወደ 4.2 ይወርዳል። የሰው የዓይን ብሌን በቀን ብርሃን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ስለሆነ፥ በጠራራ ፀሐይ በሁለቱ መካከል የብርሃን ልዩነት አይታይም። ወፎች በሚበዙበት በማለዳና በምሽት ግን ብሌኑ ስለሚሰፋ ባለ 8ቱ ይበልጣል። በዚህም ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ ከምስሉ ጋር አብሮ ይጎላል፤ በ10 እጥፍ የሚንቀጠቀጥ ወፍ በ8 እጥፍ ከቆመ ወፍ ያነሰ ይታያል። በተራራ ላይ ሆኖ ንስርና ጆፌ አሞራ ለሚመለከት ሰው 10 ይጠቅመዋል፤ በጫካና በቁጥቋጦ ለሚመላለስ ግን 8 ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ከዚያ ቀጥሎ የእይታውን ስፋት ይጠይቅ። ለምሳሌ የኒኮን ፋብሪካ ሞናርክ ኤም 7 የሚለው 8×42 በ1,000 ሜትር ርቀት 145 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ ክብደቱም 670 ግራም ነው። የዛይስ ቴራ ኢ ዲ 8×42 ደግሞ 125 ሜትር ያሳያል፥ 725 ግራምም ይመዝናል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 50 ሜትር ርቃ በግራር ውስጥ በምትዘዋወር ድንቢጥ መሰል ወፍ ላይ የአንድ ሜትር ልዩነት ይሆናል፤ አንድ ሜትር ደግሞ የጠፋችውን ወፍ ለማግኘት በቂ ነው። ከዚህ ምሳሌ ሌላም ነገር እንረዳለን። ቴራ የአቤን ፋብሪካ ስም ይዟል፤ ነገር ግን በቻይና የሚሠራ መካከለኛ ዕቃ ነው እንጂ ያ ፋብሪካ በጀርመን ለባለጸጋ የሚሠራው አይደለም። ይህን ስንል ዕቃውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዋጋው መልካም መነጽር ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ መስተዋቱም አንድ ነው ብሎ የሚገምት ገዢ ግን የከፈለው ለስሙ ሊሆን ይችላል።

ኢ ዲ የሚለው ፊደል ብርሃንን ወደ ቀለማት እምብዛም የማይበታትን ልዩ መስተዋት መኖሩን ያመለክታል። የቀለም መበታተን ከጥንት የሚታወቅ ጉድለት ሲሆን፥ እንግሊዛዊው ጆን ዶላንድ በ1758 ሁለት ዓይነት መስተዋት በማጣመር ብዙውን አስወግዶታል። የቀረው ጥቂቱ ነው። ይህን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ብሩህ ሰማይን ከኋላው ያደረገ የሚያንዣብብ ጭልፊት ወይም የመብራት ምሰሶ መመልከት ነው፤ በጫፉ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥልፍ ቢታይ መስተዋቱ ደካማ ነው። ፊደሉ በሣጥኑ ላይ ተጽፎ ጥልፉ ግን የሚታይባቸው መነጽሮች ስላሉ፥ ገዢው ከፊደሉ ይልቅ ዓይኑን ይመን።

ሌላው ፈተና ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። መነጽሩን ከዓይን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ወደ ብሩህ ግድግዳ አቅንቶ ከኋላው ያለውን የብርሃን ክብ መመልከት ነው። ክቡ ሙሉ ቢሆን መልካም፤ ጫፎቹ ግራጫ ሆነው አራት ማዕዘን ቢመስል ፕሪዝሙ ከርካሽ መስተዋት የተሠራ ነው። ባ ካ 4 የሚለው ምልክት በሾት መስተዋት መዝገብ ውስጥ ባሪየም ያለበት መስተዋት ስም ነበር፤ የአቤና የሾት ድካም እስከ ዛሬ በሣጥን ላይ የሚነበበው በዚህች ቃል ነው። ቀጥሎም ሁለቱን መነጽሮች በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ቦታ፥ በአንድ ነገር ላይ እየለዋወጡ ማየት ያስፈልጋል። አንዱን ዛሬ በሱቅ ውስጥ፥ ሌላውን ነገ በሜዳ ላይ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስን ቢያሳምም ሁለቱ ቧንቧዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አልተስተካከሉም ማለት ስለ ሆነ፥ ያን መነጽር መተው ነው። የንባብ መነጽር የሚያደርግ ሰውም ከዓይኑ ላይ ሳያወልቅ ሙሉውን ክብ ማየቱን ይፈትን።

በመጨረሻም የፖሮ መነጽር ፈጽሞ መናቅ የለበትም። ባለ ጣራው ፕሪዝም ማዕዘኑ እጅግ በጥቂት ስሕተት ብቻ መሠራት ስላለበትና ሁለት ተጨማሪ ልዩ ቅብ ስለሚያስፈልገው፥ በአንድ ዋጋ ሁለቱን ብናነጻጽር የፖሮው ምስል ብዙ ጊዜ ይሻላል። ገንዘቡ የሚያንስ ተማሪ፥ ትከሻው ሰፊ ሆኖ ዝናብ የማይወድ ቢሆንም፥ ጥሩ ፖሮ ቢገዛ ከመጥፎ ባለ ጣራ ይልቅ ብዙ ወፍ ያያል። አስቀድሞ ጥሩ 8×30 ፖሮ ያለው መምህር ደግሞ ወደ መካከለኛው ባለ ጣራ ሲሸጋገር የሚያገኘው በጠራራ ቀን የበለጠ ጥራት ሳይሆን፥ ውኃና አቧራ የማይገባበት አካል፥ በምሽት ጥቂት የሚበልጥ ብርሃንና ቢራቢሮን እግሩ ሥር ለማየት የሚያስችል የቅርብ ማስተካከያ ነው። እነዚህን ካልፈለጋቸው ገንዘቡን ለአዕዋፍ መጽሐፍና ወደ አብጃታ ለሚያደርሰው የአውቶቡስ ዋጋ ቢያውለው ይሻላል። ከፈለጋቸው ግን ይግዛ፤ አሮጌውንም መነጽር በመሳቢያ ውስጥ ከሚዘጋበት፥ ዓይነ ስል ከሆኑት ተማሪዎቹ ለአንዱ ይስጥ።